ማርሽ ለግቢ ባንድ፦ ነፃው የኖታ መጻፊያ ሙዝስኮር 4 ሲመዘን

ለዩኒቨርሲቲ ማርሽ ባንድ አዲስ ማርሽ ሲሠራ ከዜማው ይልቅ ጊዜ የሚበላው ግልባጩ ነው። 24 ነፊና መቺ ላለው ባንድ ክላርኔቱም፣ አልቶ ሳክሱም፣ ትራምፔቱም፣ ትሮምቦኑም በየራሳቸው ቁልፍ የተጻፈ ወረቀት ይፈልጋሉ። በእጅ ከተሠራ የሳምንት ሥራ ነው፤ ልምምድ ላይ አንዲት ባር (በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ያለች የኖታ ክፍል) ከተቀየረች ደግሞ ወረቀቱ ሁሉ ይደለዛል። ሙዝስኮር ይህን ሸክም ከጫንቃ ያወርዳል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ተቀምጦ ለግቢ ባንድ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም ብለን እናምናለን። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት፦ ፕሮግራሙ የሚያምረው ሁሉም መሣሪያ ተደርድሮ በሚታይበት በትልቁ ገጽ ላይ ነው። ማርሹ የሚሰምረው ወይም የሚበላሸው ግን ነፊው መሣሪያው ላይ ቆንጥጦ ይዟት በሚሄድባት ትንሽ ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ የመዘንነው እዚያች ወረቀት ላይ እስኪደርስ ድረስ ነው።

ሲጫን

ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ጀርመናዊው ቬርነር ሽዌር ነው፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። 4ኛው ትውልድ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ወጥቶ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ሲታደስ ቆይቷል። የሚወርደው ከሙዝስኮር ዶት ኦርግ ነው። ሙዝስኮር ዶት ኮም የሚባለው ሌላ ነው፤ ሰዎች የጻፉትን ኖታ የሚያጋሩበት፣ አብዛኛውንም ለማውረድ የክፍያ አባልነት የሚጠየቅበት ገጽ ነው። ሁለቱን አደባልቃችሁ የባንክ ካርድ ቁጥር እንዳታስገቡ፤ ማርሽ ለመጻፍ ሳንቲም አይከፈልም። ስልክ ላይ የሚጫነው መተግበሪያም ኖታ ለማየትና ለማዳመጥ እንጂ ለመጻፍ አይሆንም። ኮምፒውተር የግድ ነው።

አዲሱ ትውልድ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እጃችሁ ላይ ያለው ላፕቶፕ አሮጌ ሆኖ ዊንዶውስ 7 ላይ የቆመ ከሆነ 3.6.2 የሚባለውን ጫኑ፤ እሱም በነፃ ይወርዳል፣ ለማርሽም ይበቃል። ነገር ግን በ4 የተቀመጠ ፋይል በ3 አይከፈትም። አቀናባሪው ደሴ፣ የባንዱ መሪ ኮምቦልቻ ሆነው ፋይሉ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ከሆነ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቅጂ ይጫኑ። ይህ ካልተቻለ ፋይሉን የተለያዩ የኖታ ፕሮግራሞች በሚጋሩት የፋይል ዓይነት፣ በሙዚክኤክስኤምኤል ማውጣትና ሲሻገር የተዛነፈውን በእጅ ማቃናት ነው። ፊናሌ በሚባለው ሌላ የኖታ መጻፊያ የተጻፉ የቆዩ ማርሾች ያሏችሁም በዚሁ መንገድ ቶሎ አሻግሯቸው፤ የፊናሌ አምራች ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ፕሮግራሙን ማሳደግ ማቆሙን አስታውቋልና ዛሬ የሚከፍተው ኮምፒውተር ነገ ላይገኝ ይችላል።

ሙዝ ሳውንድስ የሚባሉት የተዋቡ ድምፆች ለብቻቸው፣ ሙዝ ሃብ በሚባል ሌላ ፕሮግራም በኩል ይወርዳሉ። ሁሉንም ካወረዳችሁ ብዙ ጊጋባይት ነው፤ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ኪስ ይጎዳል፣ ራሙ 4 ጊጋባይት በሆነ ላፕቶፕ ላይም ፕሮግራሙን ያንቀረፍፈዋል። ለማርሽ የሚያስፈልጉት የነሐስ መሣሪያዎቹና የከበሮ ሰልፉ ድምፅ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ የግድ አይደሉም። ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የሚመጣው ተራ ድምፅ ስሕተት ለመስማት ይበቃል። እንዲያውም የተዋበው ድምፅ ያታልላል፦ ደካማ ቅንብርን አሳምሮ ያሰማና ሜዳ ላይ ስትወጡ ያጋልጣችኋል።

ሁለት ጥቃቅን እንቅፋቶች እዚህ አገር ሁሉንም ሰው ይገጥማሉ። የመጀመሪያው ኪቦርድ ነው። ኖታ የሚገባው በእንግሊዝኛ ፊደላት ከኤ እስከ ጂ ነው፤ የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ከሆነ ቁልፉን ብትጫኑም ኖታ አይገባም፣ ፕሮግራሙም ለምን እንዳልገባ አይናገርም። ርዕስ በአማርኛ ጽፋችሁ ስትመለሱ ኪቦርዱን መልሱ። ሁለተኛው ፎንት ነው። ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ኤድዊን የተባለ ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ለርዕስና ለግጥም ኒያላ፣ ኢብሪማ ወይም አቢሲኒካ ምረጡ፤ የምትጽፉትም በዩኒኮድ ይሁን። ጽሑፉ በቆየው፣ ዩኒኮድ ባልሆነው አሠራር ተጽፎ የተገለበጠ ከሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣል።

መብራት ድንገት ሊጠፋ ስለሚችል በራሱ የሚያስቀምጥበትን ጊዜ ከምርጫዎች ገጽ ወደ 2 ደቂቃ አውርዱት።

ባንዱን መደርደር

ኮንትሮልና ኤን ሲጫኑ ከሚመጡት አብነቶች መካከል ለማርሽ ባንድ የተዘጋጀ አለ። አብነቱ የተቀረጸው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ባንድ ልክ ነው፤ ሜሎፎን የሚባል የነሐስ መሣሪያና ሰፊ የከበሮ ረድፍ አለው። እኛ ጋ የሌለውን ከመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ አውጡት። 24 ሰው ላለው የግቢ ባንድ የምንመክረው ድርድር ይህ ነው፦ 5 ክላርኔት በሁለት ፓርት (ለየብቻ በሚጻፍ ድርሻ)፣ 3 አልቶ ሳክስ፣ 1 ቴነር ሳክስ፣ 5 ትራምፔት በሦስት ፓርት፣ 3 ትሮምቦን በሁለት ፓርት፣ 2 ባሪቶን፣ 1 ሱዛፎን (ትከሻ ላይ የሚጠመጠመው ትልቁ የቤዝ ነሐስ)፣ 2 ስኔር፣ 1 ቤዝ ድራም፣ 1 ሲምባል። ትራምፔት ሦስት ፓርት ሲሆን ሦስተኛውን ለጀማሪ በሚመች ከፍታ ጻፉት። ግቢ ውስጥ በየዓመቱ ነባሩ ተመርቆ አዲስ ይገባል፤ ሁሉም ፓርት ጎበዝ የሚፈልግ ማርሽ በሁለተኛው ዓመት ተጫዋች ያጣል።

ትልቁ ወጥመድ ቁልፍ ማሻገሩ ላይ ነው። ከታች በቀኝ በኩል «በእውነተኛው ድምፅ አሳይ» የሚል ትርጉም ያለው መቀየሪያ አለ። እሱ ሲበራ ሁሉም መሣሪያ በሚሰማው ድምፅ ይታያል፤ ሲጠፋ እያንዳንዱ ነፊ በሚያነበው ቁልፍ ይታያል። ቢ ፍላት ትራምፔት የሚሰማው ከተጻፈለት አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ብሎ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይጻፋል፤ ኢ ፍላት አልቶ ሳክስ ደግሞ በስድስት ኖታ ርቀት ከፍ ይላል። ይህን ፕሮግራሙ ራሱ ይሠራዋል። ስሕተቱ የሚመጣው ከአሮጌ የትራምፔት ወረቀት ላይ እያዩ ሲገለብጡ ነው። ወረቀቱ አስቀድሞ ተሻግሯል፤ መቀየሪያው በርቶ ከገለበጣችሁት ፕሮግራሙ ዳግመኛ ያሻግረዋል፣ ትራምፔቶቹም ከባንዱ አንድ ድምፅ ከፍ ብለው ይወጣሉ። ከወረቀት ስትገለብጡ መቀየሪያውን አጥፉ፤ ከራሳችሁ ስትጽፉ አብሩት። ሕትመት ላይ ሁልጊዜ ይጥፋ።

ኖታው ከመሣሪያው ወሰን ካለፈ ቀለሙ ይቀየራል፦ ለጀማሪ የሚከብደው ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ባለሙያም የማይደርስበት ቀይ ይሆናል። ይህ ከፕሮግራሙ ደግ ነገሮች አንዱ ነው። ለግቢ ባንድ ቢጫውን ራሱ እንደ ቀይ ቁጠሩት፤ እየተራመደ የሚነፋ ሰው ከንፈሩ ላይ መሣሪያው ይዘላል፣ ተቀምጦ የሚወጣው ከፍታም በእግር ላይ አይወጣም።

የማርሹ አካል

የዩኒቨርሲቲ ማርሽ የራሱ ወግ አለው። ጆን ፊሊፕ ሱሳ (1854–1932) ለማርኬት ዩኒቨርሲቲ በ1924፣ ለኔብራስካ በ1928፣ ለኢሊኖይ በ1929 ማርሽ ጽፏል፤ ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው። ቅርጹን ከወረቀት ላይ መማር ለሚፈልግ የአሜሪካ ማሪን ባንድ የሱሳን ማርሾች ከነኖታቸው በድረ ገጹ በነፃ ያቀርባል፤ አንዱን እያዳመጡ መከተል ከብዙ ትምህርት ይበልጣል።

ለጀማሪ አቀናባሪ የሚበጀው አካል እንዲህ ነው፦ 4 ባር መክፈቻ፣ 16 ባር የመጀመሪያ ክፍል ሁለት ጊዜ፣ 16 ባር ሁለተኛ ክፍል ሁለት ጊዜ፣ 32 ባር ትሪዮ፣ 16 ባር ግጭት፣ ከዚያ ወደ ትሪዮው ተመልሶ ማብቃት። ትሪዮ ያልነው ከሁለቱ ክፍሎች ቀጥሎ የሚመጣውን፣ ዜማው ፊቱን የሚለውጥበትን ክፍል ነው፤ ግጭት ያልነው ነሐሱና ከበሮው የሚፋጠጡበትን፣ ዜማው የሚቆራረጥበትን ቦታ ነው። ሲደመር 148 ባር ይሰማል። በ2/4፣ በደቂቃ 120 ምት፣ አንድ ባር አንድ ሴኮንድ ስለሆነ ማርሹ 2 ደቂቃ ከ28 ሴኮንድ ይፈጃል፤ 296 እርምጃ ማለት ነው። እርምጃው 57 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ባንዱ 169 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የምርቃት ሰልፉ መንገድ ከዚህ ከረዘመ ማርሹን አታርዝሙ፤ በመካከል 8 ባር ከበሮ ብቻ አስገብታችሁ ከመጀመሪያው ድገሙት። የነፊዎቹ ከንፈር የሚያርፈው ያኔ ነው። ደሴ መንገዷ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ዳገት ላይ 120 ያስሮጣል፣ ወደ 108 ማውረድ ይሻላል።

በ6/8 ለሚጽፉ አንድ ወጥመድ አለ። በ6/8 ባር ውስጥ እግር የሚያርፈው ሁለት ጊዜ ነው፣ በ1ኛውና በ4ኛው ስምንተኛ ኖታ ላይ። ስለዚህ የፍጥነት ምልክቱ «ባለ ነጥብ ሩብ ኖታ 120» መሆን አለበት። ተራውን «ሩብ ኖታ 120» ካስገባችሁ ፕሮግራሙ የነገራችሁትን ይፈጽማል፦ እግሩ በደቂቃ 80 ብቻ ይሆናል፣ ማርሹም የቀብር ሰልፍ ይመስላል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «ዜማው ከበደ» ብሎ ኖታ መቀነስ ይጀምራል። ያልተስተካከለው ፍጥነቱ ነው፤ ዜማውን ተዉት።

6/8 እኛ ጋ ደግሞ ችክችካን ይጠራል። ዜማው ላይ ችክችካ መግባቱ ደስ ይላል፤ ቤዝ ድራሙ ግን ከ1ኛውና ከ4ኛው መነቃነቅ የለበትም። ድራሙ ዘዬውን ካዛወረ ትከሻ ይንቀጠቀጣል እንጂ እግር አብሮ አይሄድም።

ስለ እግር ሌላም አለ። ግራ እግር በባሩ የመጀመሪያ ምት ላይ ይወርዳል። በመካከል አንዲት 3/4 ባር ጣል ካደረጋችሁ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ምት ቀኝ እግር ላይ ይውላል፣ ሰልፉም ይተራመሳል። ፕሮግራሙ እግር ስለማያውቅ አያስጠነቅቃችሁም። ይህ ስሕተት ሳይታወቅ የሚገባው ከመጀመሪያው ሙሉ ባር በፊት በምትመጣው መንደርደሪያ ኖታ በኩል ነው። ክፍሉ በአንድ ሩብ ኖታ መንደርደሪያ ከጀመረና ድግሙ ወደዚያች ኖታ የሚመለስ ከሆነ በአንደኛው ማብቂያ ያለው የመጨረሻ ባር ያችን ሩብ ኖታ ቀንሶ አንድ ምት ብቻ ሊይዝ ይገባል። በባር መግለጫው ውስጥ «ትክክለኛ ርዝመት» የሚለውን ከ2/4 ወደ 1/4 ቀይሩት። ካልቀየራችሁት ድግሙ ላይ አንድ ትርፍ ምት ይመጣል። ኮምፒውተሩ ላይ ትንሽ እረፍት ይመስላል፤ ሰልፍ ላይ ግን 24 ሰው እግሩን ያስታል።

ቅኝት

እዚህ ላይ እንቆይ። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ባቲ አለች፣ ከደሴ በስተሰሜን አምባሰል አለ፤ ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ የዚሁ አካባቢ ስም አላቸው። የወሎ ግቢ ማርሽ ከውጭ በመጣ የማርሽ ዜማ ብቻ የሚሄድበት ምክንያት አይታየንም። ጥያቄው የትኛው ቅኝት፣ ከየትኛው ድምፅ ተነሥቶ ለነሐስ ይመቻል የሚለው ነው።

ከዚህ በኋላ ድምፆቹን በዶ፣ ሬ፣ ሚ አጠራር እንጠራቸዋለን፤ ሲ ፍላት ከላይ ቢ ፍላት ያልነው፣ ሚ ፍላትም ኢ ፍላት ያልነው ነው። መልሳችን ባቲ ማይነር ከዶ ነው፦ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት። ይህ በባንዱ እውነተኛ ድምፅ ነው። ለትራምፔትና ለክላርኔት ሲሻገር ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ይሆናል። ለአልቶ ሳክስ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። በሁለቱም ወረቀት ላይ ከአምስቱ ድምፆች አንዱም ፍላት ወይም ሻርፕ አይደለም። ትሮምቦኑም ይቀናዋል፦ ፋና ሲ ፍላት 1ኛ ቦታ ላይ፣ ዶና የላይኛው ሚ ፍላት 3ኛ ላይ፣ ሶል 4ኛ ላይ ይገኛሉ፤ ክንድ እስከ መጨረሻ አይዘረጋም። በሰልፍ ላይ ከፊት ያለውን ሰው ጀርባ በስላይድ ለማይወጋ ትሮምቦን ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፦ ትራምፔት ላይ የታችኛው ሬ በ1ኛና በ3ኛ ቫልቭ ስለሚነፋ ከፍ ይላል፤ ነፊው የ3ኛውን ስላይድ ወጣ ማድረግ አለበት፣ ወይም እናንተ ያችን ኖታ ረጅም አታድርጓት።

ይበልጥ የሚያስደስተው ትሪዮው ላይ ነው። የአሜሪካው ወግ ትሪዮውን ወደ አራተኛው ድምፅ ቁልፍ ይወስደዋል፤ ያን ስታደርጉ አዳዲስ ፍላቶች ይመጣሉ። እኛ ጋ ግን አጭር መንገድ አለ። ትዝታ ሜጀር ከሚ ፍላት ሲነሣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት፣ ዶ ነው፤ አምስቱም ድምፆች ከላይ የጻፍናቸው ናቸው። ጣት አዲስ ነገር አይማርም፣ የቁልፍ ምልክትም አይቀየርም። የዜማው ማረፊያ ከዶ ወደ ሚ ፍላት ሲዛወር ብቻ ማርሹ ከኮስታራነት ወደ ሰፊ ፊት ይዞራል። ሱዛፎኑ ከትሪዮው የመጀመሪያ ባር ጀምሮ ሚ ፍላትንና ሲ ፍላትን እያፈራረቀ ካልመታ ግን ጆሮ መዛወሩን አያምንም።

አምባሰል ለመክፈቻው 4 ባር ይሆናል፤ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ሁሉም በአንድ ድምፅ ይንፉት፤ ኅብር ሲጨመርበት ግርማው ይቀንሳል። አንቺሆዬ ለሰልፍ ዜማ ይከብዳል፣ በዶና በሶል ፍላት መካከል ያለው ርቀት ነሐስ ላይ ለማስተካከል አስቸጋሪ ነውና። ነገር ግን ለግጭቱ ክፍል 4 ባር ያህል ብትሰጡት ከምንም የተሻለ ፍጥጫ ይፈጥራል።

ኅብሩ ላይ ጀማሪ የሚሳሳተው ባቲን በምዕራቡ መደበኛ ኅብር ማጠር ነው። ከሶል የሚነሣው ሙሉ ኅብር ሲ ናቹራልና ሬ ይፈልጋል፤ ሁለቱም በቅኝቱ ውስጥ የሉም፣ ሲገቡ ዜማው ባቲ መሆኑ ይቀራል። ሱዛፎኑን በዶ፣ በፋና በሶል ላይ አቁሙት፤ መካከለኞቹ መሣሪያዎች ሦስተኛውን ድምፅ ትተው በዶና በሶል ባዶ አምስተኛ ከምቱ በኋላ ይመልሱ። ሳሳ ያለ ይመስላል፤ ሜዳ ላይ ግን ዜማው ጥርት ብሎ የሚወጣው እንዲህ ሲሆን ነው።

ፕሮግራሙ የሚያጫውተው በፒያኖ ቅኝት ልክ፣ 12ቱን ድምፆች እኩል ከፍሎ ነው። የማሲንቆ ጆሮ ያለው ሰው «ይህ ባቲ ቅር ይለኛል» ቢል እውነቱን ነው። ኖታውን መርጣችሁ በባሕርያት ሳጥን ውስጥ በሴንት ዝቅ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ለማዳመጥ ብቻ ነው፣ ወረቀቱ ላይ አይወጣም። ነፊ ጆሮው የመሰከረለትን ይነፋልና አትድከሙበት።

ብርድና ትንፋሽ

ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ላን በ440 ያጫውታል፤ የጧት ጭጋግ የወረደባት ደሴ ግን አትታዘዝለትም። በመሣሪያው ውስጥ ያለው አየር ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ድምፁ 3 ሴንት ገደማ ይወርዳል፤ አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። 10 ዲግሪ የቀዘቀዘ መሣሪያ አንድ ሦስተኛ ግማሽ ድምፅ ወረደ ማለት ነው። ደሴ ድምፅ የሚወርደው ከፍታው ስለበዛ ነው የሚሉ አሉ፤ የሚያወርደው ብርዱ ነው። ትራምፔት በትንፋሽ ቶሎ ይሞቃል፣ ሱዛፎን ግን ቱቦው ረጅም ስለሆነ ቀዝቅዞ ይቆያል። ስለዚህ መክፈቻውን በሱዛፎን ብቸኛ ረጅም ኖታ አትጀምሩት፤ በሰልፉ መጀመሪያ ላይ ከሁሉ ወርዶ የሚሰማው እሱ ነው።

ከፍታው የሚነካው ትንፋሽን ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት ወጥቶ ደሴ የሚነፋ የኮምቦልቻ ባንድ ልዩነቱ ይሰማዋል። በእግር ላይ ላለ ነፊ 8 ባር ያለ ትንፋሽ መጻፍ ጭካኔ ነው፤ በ4 ባር የትንፋሽ ምልክት አስገቡ። ሁሉም በአንዴ ከተነፈሱ ዜማው ቀዳዳ ይሆናልና 1ኛ ትራምፔት በ4ኛው ባር መጨረሻ፣ 2ኛው በ5ኛው መካከል ይተንፍስ። ምልክቱን በየፓርቱ ለየብቻ አስገቡት፤ ከአንዱ ፓርት ወደ ሌላው ኖታ ስትገለብጡ ምልክቱ አብሮ ይገለበጣልና መለስ ብላችሁ እዩት።

ስለ ከበሮው አጭር ቃል፦ የስኔሩን ጥቅልል በግንዱ ላይ በሚደረገው የሰረዝ ምልክት ጻፉት፣ ሲምባሉን ከቤዝ ድራሙ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ አድርጉት።

ወረቀቷ

ትልቁ ገጽ ካለቀ በኋላ ፓርቶች የሚለውን ስትከፍቱ የሁሉም መሣሪያ ወረቀት ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ትልቁ ላይ የተደረገ እርማት እዚያም ይታረማል። ፕሮግራሙ የሚያወጣው ግን ለኤ4፣ ለተቀመጠ ሰው ነው። ነፊው ግን መሣሪያው ላይ በታሰረ መቆንጠጫ ነው የሚይዘው፤ ኤ4 እዚያ ላይ ንፋስ ይመታዋል። በገጽ አቀማመጥ ውስጥ ኤ5 ምረጡ፣ በወርዱ አድርጉት፣ ዳር ዳሩን 8 ሚሊ ሜትር ስጡት፣ የመስመሮቹን ርቀት ከ1.75 ወደ 1.4 ሚሊ ሜትር አውርዱት፤ ከዚያ «ለሁሉም ፓርቶች» የሚለውን ተጫኑ።

አሁን ባሮቹን ቁጠሩ። ትሪዮውን ከግጭቱ በኋላ ዳግመኛ ከጻፋችሁት 116 ባር ነው፣ በአንድ ገጽ አይገባም። በትሪዮው መጀመሪያ የሴኞ (የመመለሻ) ምልክት፣ በመጨረሻው ፊኔ (ማብቂያ)፣ በግጭቱ ማብቂያ ዲ.ኤስ. አል ፊኔ (ወደ ሴኞው ተመለስና ፊኔ ላይ አብቃ) ብታደርጉ 84 ይሆናል፤ በ10 መስመር ይገባል። ባሩን መርጣችሁ ኢንተር ስትጫኑ መስመሩ እዚያ ይሰበራል። እያንዳንዱ ክፍል በአዲስ መስመር ይጀምር፤ በኮንትሮልና ኤም ፊደል ስጡት። መሪው «ከሐ» ሲል 24 ሰው በአንዴ ዓይኑ እዚያ የሚወድቀው ፊደሉ መስመር መጀመሪያ ላይ ሲሆን ነው። ክላርኔቶቹ ኖታቸው ስለሚበዛ በ10 መስመር ሲጨናነቁ አይነበቡም፤ ሁለት ገጽ ስጧቸውና ከላይና ከታች አያይዙት፤ ሰልፍ ላይ ገጽ የሚገልጥበት ሦስተኛ እጅ የለም።

ሁሉን ከማተማችሁ በፊት አንድ የ1ኛ ትራምፔት ወረቀት ብቻ አትሙ። መቆንጠጫው ላይ አድርጋችሁ 64 እርምጃ በምቱ ሂዱበት። የማይነበበው ወዲያው ይታያል፦ ከመስመሩ በታች የተለጠፉ የጉልበት ምልክቶች፣ ከኖታው ጋር የተጣበቀ ፍላት፣ የአንደኛና የሁለተኛ ማብቂያ ቁጥር። እነሱን አርማችሁ ፓርቶቹን በሙሉ በአንድ ፒዲኤፍ አውጡ።

24 ወረቀት፣ ለሚጠፋና ለሚቀደድ 6 ተጨማሪ፣ ሁለት ሁለቱ በአንድ ኤ4፣ በጠቅላላው 15 ወረቀት ነው፤ የክላርኔቶቹ ሁለተኛ ገጽ 3 ይጨምርበታል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሲያትም «ከገጹ ጋር አመጣጥን» የሚለውን አጥፍቶ በ100 ፐርሰንት ያትም፤ አለበለዚያ የለካችሁት 1.4 ይጠብባል። በኢንክጄት ሳይሆን በሌዘር ይሁን። ምርቃት ብዙውን ጊዜ ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው፤ የኢንክጄት ቀለም የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ ስትነካው ይፈሳል፣ የሌዘሩ ከወረቀቱ ጋር እስኪቀደድ ይቆያል።